በሌላኛው ወረፋ የቆየው ደብዳቤ

ስለዚያ ዓርብ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ አንድ ነገር አስቀር ነበር። ለእናቴ ስነግራት ከጥፋቱ ከፊሉን በመብራት አሳብቤያለሁ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ደግሞ መጨረሻውን እቆርጠዋለሁ። እዚህ ግን ሳላስቀር ልጻፈው። የምታነቡት ሰዎች ስለማታውቁኝ ይቀለኛል።

ሰላማዊት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የጤና ባለሙያዎችን በሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቄ የመጣሁ፣ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ያን ሥራ ለአሥራ ሁለት ዓመት የሠሩት ጋሽ ማቴዎስ የሚባሉ የዱራሜ ሰው ናቸው። ያላቸው ዲፕሎማ ነው። ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ይህ ነገራቸው በጣም ያናድደኝ ነበር።

በገባሁ በአራተኛው ወር ለዲኑ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። የኮሌጁ የኢሜይል ሰርቨር፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ደብዳቤ ተቀብሎ ለየመምህሩ ሣጥን የሚያድለው ኮምፒውተር፣ ባረጀ ሶፍትዌር እንደሚሠራና አደጋ እንዳለው ዘረዘርኩ። ሪፖርቱ ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ያ ያረጀ ነገር በዚያ ሁሉ የመብራት መቆራረጥ ውስጥ ደብዳቤ ጠፍቶበት እንደማያውቅ ግን አልጻፍኩም። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ፤ ጋሽ ማቴዎስ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወሩ ተባለ። እሳቸው መልቀቂያ አስገብተው ወደ ዱራሜ ሄዱ።

ቁልፉንና ፓስወርዱን ያስረከቡኝ ዕለት፣ «ሁለት ቀን አብረን ብንቀመጥ ጥሩ ነበር። በራሴ መንገድ የሠራሁት አንዳንድ ነገር አለ» አሉኝ።

«አያስፈልግም ጋሽ ማቴዎስ፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ጠረጉና ወጡ።

እንዳልኩትም አዲሱን ቨርዥን ጫንኩ። የድሮውን ግን ጨርሶ አልነቀልኩትም፤ አዲሱ ካስቸገረኝ እመለስበታለሁ ብዬ አስቆምኩትና እዚያው ተውኩት። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመምህራኑን የደብዳቤ ሣጥኖች ወደ አዲስ ቦታ አዛወርኩ፤ ከሌላ ከተማ ሆኖ ሰርቨሩን በርቀት ማዘዝ የሚቻልበትን መንገድም ለጥንቃቄ ብዬ ዘጋሁ። ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዲኑ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ።

አሁን ሲስተር ታደለችን ላስተዋውቃችሁ። የአዋላጅነት ትምህርት መምህርት ናት። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱታ አትወድም፤ «አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» ትለኛለች። ሁለት ልጆች አሏት። ውጭ አገር ሄዳ ለመማር ለአንድ ስኮላርሺፕ ሦስተኛ ጊዜዋን አመልክታ ነበር። የዕድሜ ገደቡ አርባ ዓመት ነው፤ እሷ ሠላሳ ዘጠኝ ሞልቷታል። አመልካቾችን በመሥሪያ ቤታቸው የኢሜይል አድራሻ ካልሆነ አይቀበሉም ስለተባለ የሰጠችው የኮሌጁን አድራሻ ነው።

ከዚያ ዓርብ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ቢሮዬ መጥታ፣ «ሰላሜ፣ ከውጭ የምጠብቀው ደብዳቤ ነበር፤ እስኪ እይልኝ» አለችኝ።

ሣጥኗን አየሁ፤ የለም። ምናልባት ሰርቨሩ ላይ ተይዞ እንደሆነ ብዬ፣ ሳይደርሱ የሚጠባበቁ ደብዳቤዎችን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ወረፋው ባዶ መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር ወጣ።

«ምንም አልመጣም ሲስተር። ተይዞ የቀረም የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማሽኑ እኮ ነው የሚለው።»

«በቃ፣ አልፈለጉኝም ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ወጣች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ኋላ እንደሰማሁት ያን ቀን ማታ ለባሏና ለልጆቿ «ዘንድሮም አልሆነም» ብላ ነግራቸዋለች።

ዓርብ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሲስተር ታደለች ሳታንኳኳ ገባች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አርባ ምንጭ ያለ አብሮኝ ያመለከተ ሰው አሁን ደወለልኝ» አለች። «ደብዳቤ ለሁሉም ተልኳል አለኝ፤ ላለፈውም ለወደቀውም። አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል። ያለፉት ሰዎች ደብዳቤው ውስጥ ባለው ሊንክ ገብተው ‘እመጣለሁ’ ማለት አለባቸው። ማብቂያው ዛሬ ነው፤ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«እንደገና እንዲልኩልሽ ንገሪያቸዋ።»

«ከግል አድራሻዬ ጻፍኩላቸው። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን የሚል ነገር ራሱ በራሱ መጣልኝ። ስደውል ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ነው የሚያነሳው።» ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ «ብወድቅም እኮ ደብዳቤው መምጣት ነበረበት» አለች።

 ከግል አድራሻዬ ለራሴ የኮሌጅ አድራሻ የሙከራ ደብዳቤ ላክሁ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አልመጣም። ከኮሌጁ ወደ ኮሌጁ ላክሁ፤ ወዲያው መጣ። ከኮሌጁ ወደ ውጭ ላክሁ፤ ደረሰ። እንደገና ከውጭ ወደ ኮሌጁ ላክሁ፤ የለም። ‘አልደረሰም’ የሚል መልስ እንኳ አልተመለሰልኝም። ደብዳቤው ከላኪው እጅ ወጥቷል፤ እኛ ጋ ግን አልገባም።

ይህ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። በኮሌጁ ውስጥ ሰው የሚላላከው በስልኩና በግል አድራሻው ነው፤ ከውጭ በኮሌጁ አድራሻ ደብዳቤ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። የሚጠብቀውም ሲቀርበት ‘አልጻፉልኝም’ ይላል እንጂ ‘ማሽኑ በላብኝ’ አይልም።

የሰርቨሩን ክፍል ከፍቼ ተቀመጥኩ። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ሲስተር ታደለች በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአዲሱን ቨርዥን ማዋቀሪያ ፋይል ከፍቼ አንድ ነገር እቀይራለሁ፣ አስነሳዋለሁ፣ ከስልኬ ደብዳቤ እልካለሁ፣ እጠብቃለሁ። የለም። ሌላ ነገር እቀይራለሁ። የለም። የገባና የወጣውን ሁሉ የሚመዘግበውን መዝገብ አነበብኩ፤ ከውጭ አንኳክቶ የገባ አንድም ደብዳቤ አይታይም። ወረፋውን አየሁ፤ ባዶ። ከሌላ ኮምፒውተር ሆኜ ሰርቨሩን አንኳኳሁት፤ የተለመደ ሰላምታውን መለሰልኝ። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት። «ሰርቨርሽ እየመለሰ ነው፤ መስመሩ ይሆናል» አለኝ። ላቤ አገጬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

በዚህ መሀል ዲኑ ደወሉ። «ሲስተር ታደለች የሆነ ችግር ገጥሟታል አሉ፤ ምንድን ነው?»

«የመስመር ችግር ነው ዶክተር። ከእኛ አይደለም» አልኳቸው።

ስልኩን ስዘጋ ሲስተር ታደለች እያየችኝ ነበር። 

ከዚያ ያሰብኩትን ስጽፈው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ሁሉንም ነቅዬ፣ አዲስም አሮጌም ሳልል ከሥሩ አጥፍቼ እንደገና ልጭን ወሰንኩ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ጣቴ የማስገቢያው ቁልፍ ላይ ነበር።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» አለች ሲስተር ታደለች።

«ያለውን ሁሉ አጥፍቶ በአዲስ ይጀምራል።»

«እኛ ጋ» አለች ቀስ ብላ፣ «እናትየዋ ስታምጥ አዋላጇ ከደነገጠች፣ መጀመሪያ እጇን ከእናትየዋ ላይ ታነሳለች። ከዚያ የሚያውቅ ትጠራለች። የሚያውቅ የለም?»

እጄን አነሳሁ። የሚያውቅ ነበረ።

ለጋሽ ማቴዎስ ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሳም። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ዱራሜ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንደከፈቱ ሰምቼ ነበር።

«እሄዳለሁ» አልኳት።

«በመኪና ደርሶ መልስ ይደርሳል?»

«አላውቅም። አንቺ ከዚህ አትራቂ።»

«ጌታ ይቅደምልሽ» አለችኝ።

መናኸሪያው ውስጥ የዱራሜ ሚኒባስ ሦስት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ረዳቱ «አሁን ይሞላል» ይላል፤ አይሞላም። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ ከገባች በኋላ «የሁለቱን ቦታ እኔ እከፍላለሁ» ብዬ ተነሳን። መንገዱን ሙሉ ያየሁት ሰዓቴን ነው። ግራና ቀኝ ያለው የእንሰት ማሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ታየኝ፤ መኪናው የማይሄድ፣ ያው ማሳ ተመልሶ የሚመጣ እየመሰለኝ። መንገድ ላይ ባለችው አንጋጫ ሹፌሩ ሰው ሊያወርድ ቆሞ ከአንድ ሰው ጋር ጨዋታ ያዘ። በመስኮት ብቅ ብዬ «ወንድሜ፣ እባክህ ሰው ታሞብኝ ነው» አልኩት። ውሸት ነበር፤ ግን ድምፄ ውሸት አይመስልም ነበር መሰለኝ ወዲያው ተነሳ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዱራሜ ገባሁ። ሱቁን ሁለተኛው የጠየቅሁት ሰው አሳየኝ። ጋሽ ማቴዎስ ለአንዲት ሴት ማመልከቻ እየጻፉላት ነበር፤ ሴትየዋ በከምባትኛ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ። አዩኝ። ጽሑፉን እስኪጨርሱ አላቋረጡም። ሴትየዋ ወጣች።

«ሦስት ጊዜ ደወልሽ» አሉኝ።

«አዎ።»

«አይቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። ይወቁት ብዬ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ።»

የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሪፖርቱ ግን አልተነሳም፤ ጊዜ አልነበረም፤ ደግሞ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የሲስተር ታደለችን ስም ስጠራ ቀና አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወልድ ያዋለደቻት እሷ ናት።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በዚያች ሰዓት ያን መጥረግ እንደ መድኃኒት ነበር የጠበቅሁት።

«ማሽኑ መብራት ጠፍቶበት ተነስቶ ያውቃል?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት። ሙሉ ቀን ጠፍቶ ነበር።»

«ከውጭ ስታንኳኪው ሰላምታ ይሰጣል አይደል? ስሙንና የቨርዥኑን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ስንት ነበር?»

ጠዋት ያነሳሁትን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። በስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው አሰፉትና ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ቁጥሩን አነበብኩት። እኔ የጫንኩት ቨርዥን ቁጥር አልነበረም። የሳቸው ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ሳላየው ያለፍኩት ነገር ነው።

«አስቆምሽው እንጂ ከመነሻው ዝርዝር ውስጥ አላወጣሽውም» አሉኝ። «መብራት ሲመጣ ማሽኑ ሲነሳ እሱም አብሮ ተነሳ። ቀድሞ ደርሶ ዋናውን በር ያዘ። ያንቺው ደግሞ የውስጡንና የሚወጣውን በር ይዞ ቀረ። አንቺ የምታስተካክዪው ያንቺን ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን የሚቀበለው የኔው ነው። የምታዪው ወረፋ ያንቺ ወረፋ ነው፤ ባዶ መሆኑ ልክ ነው።»

«ስለዚህ ደብዳቤዎቹ...»

«በኔኛው ወረፋ ናቸው። ሣጥኖቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረሻል፤ የሚያደርስበት አጥቶ ይዟቸው ነው።»

የደስታ ስሜት ሊመጣልኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ዓይነት ሶፍትዌር ያልደረሰ ደብዳቤን ለዘላለም አይዝም። በልማድ አምስት ቀን ነው፤ ከዚያ ለላኪው መልሶ ይጥለዋል። የሲስተር ታደለች ደብዳቤ ከተላከ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ጋሽ ማቴዎስ አሰቡ። «አንድ ክረምት መስመር ተቆርጦብን ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነበር» አሉ። «ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ቀን ያሳደግሁት ይመስለኛል።»

«ይመስልዎታል?»

«ይመስለኛል። ብዙ ዓመት ነው።»

«ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይጻፉልኝና...»

«ወረፋውን የማስቀምጠው በተለመደው ቦታ አይደለም። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ማድረስ ሳይሆን መደምሰስ ይሆናል» አሉ። ተነሥተው በጓሮ በር በኩል ለባለቤታቸው በከምባትኛ አንድ ነገር ነገሯቸው። ባለቤታቸው ወጥተው አዩኝ፤ ሰላም አላሉኝም፤ ግን አንድ የዝናብ ልብስ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጋሽ ማቴዎስ ሞተራቸውን ከሱቁ ጎን አወጡ።

ሰባት ሰዓት አልፎ ነው የተነሳነው። ከአንጋጫ በፊት ዝናቡ ያዘን። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ አለፍኩ፤ አንድ ጊዜ ሞተሩ ተንሸራቶ ጋሽ ማቴዎስ በጉልበታቸው ወደቁ። ተነሥተው ሱሪያቸውን ሳያራግፉ «ውጪ» አሉኝ፤ ወጣሁ።  እኔ ከኋላቸው ሆኜ ‘ሠላሳ ይሁን፣ ሠላሳ ይሁን’ እያልኩ ነበር። ጸሎት ይሁን ስሌት አላውቅም።

ኮሌጁ ግቢ ስንገባ ዘጠኝ ከሃያ ነው። ሲስተር ታደለች ትቻት በሄድኩበት ወንበር ላይ ነበረች። ጋሽ ማቴዎስን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻቸው፤ ጭቃው ነጭ ጋውኗ ላይ ተጋባ።

የሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ስንገባ ጋሽ ማቴዎስ ወንበሩን ለእኔ ለቀቁልኝ። «አንቺ ጻፊ፣ እኔ እናገራለሁ» አሉ። የድሮውን ቨርዥን ወረፋ የሚያሳየውን ትእዛዝ ሙሉ አድራሻውን ጠቅሰው ነገሩኝ። ጻፍኩ። የማስገቢያውን ቁልፍ ነካሁ።

ስክሪኑ መስመር መደርደር ጀመረ። መስመር በመስመር ላይ ይወርዳል፤ የሚቆም አይመስልም። ስም፣ ቀን፣ አድራሻ፣ ስም፣ ቀን። አንድ መቶ አርባ ምናምን ደብዳቤ ነበር። ከሁሉ የቆየው ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ ነው። ሠላሳ ነበር ማለት ነው።

የታደለችን ስም ፈለግሁ። አንድ መስመር ወጣ። ቀኑ የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን፤ ላኪው ውጭ አገር።

«ደብዳቤው አለ?» አለች ከበሩ።

«አለ።»

ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ምን እንደሚል ገና አናውቅም። መውደቋን የሚናገር ደብዳቤ ፍለጋ ተራራ ወርደን ወጥተን ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ማቴዎስ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ወረፋውን በሙሉ ገልብጠን በሌላ ዲስክ አስቀመጥን። ከዚያ የድሮውን ማዋቀሪያ ፋይል አስከፈቱኝና አንድ መስመር ላይ አዲሱን የሣጥኖች ቦታ አስጻፉኝ። «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «እንደገና።» አነበብኩ። አንድ ነጥብ ጎድሎ ኖሮ ጨመርኩ። አሥር ሰዓት ሆኗል። በዚህ መሀል መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ፤ ሦስታችንም ማሽኑን አየነው፤ ባትሪው ይዞት ነበር።

«አሁን ልቀቂው» አሉኝ።

ለቀቅሁት። ከወረፋው ላይ መስመሮቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ፤ እየደረሱ ነው። ሲስተር ታደለች ወደ ጎረቤት ቢሮ ሄዳ ሣጥኗን ከፈተች። እኔ ከማሽኑ አጠገብ ቀረሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የወንበሯ እግር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።  

«ሰላሜ» አለች በመጨረሻ፣ «ገጹ አይከፈትልኝም።»

ሮጥኩ። ደብዳቤው ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ‘እንኳን ደስ ያለዎት’ የሚል ነው። ሊንኩ ግን ነጭ ገጽ ላይ ይሽከረከራል። የኮሌጁ ኢንተርኔት በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ይደክማል። አሥር ከሃያ ሆነ። የስልኬን ኢንተርኔት ከፈትኩላት፤ ኮምፒውተሩን አገናኘሁት። እንደገና ተጫነች። መጣ። ስሟን፣ የልደት ቀኗን፣ የፓስፖርት ቁጥሯን ጠየቃት፤ ቶሎ እንዲያልቅ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩላት። የመጨረሻውን ቁልፍ ግን «አንቺ ራስሽ ተጫኚው» አልኳት። አሥር ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ‘ተቀብለናል’ የሚል መልስ መጣ።

አልጮኸችም። ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ቆየች።  ጋሽ ማቴዎስ በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ለጓደኞቼ ስነግራቸው ታሪኩን የምጨርሰው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ግን አላበቃም።

ወደ ሰርቨሩ ስመለስ ጋሽ ማቴዎስ ተከተሉኝና፣ «የሌሎቹስ?» አሉኝ።

አንድ መቶ አርባ ምናምን ደብዳቤ ነበር ብያችኋለሁ። የሰው ደብዳቤ አልከፈትኩም፤ ርዕሶቹ ግን በዝርዝሩ ላይ ይታያሉ። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ከመካከሉ አንዱ ለመምህር ደስታ የተላከ ነበር፤ የላብራቶሪ መምህር ነው፣ ዝምተኛ ልጅ፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ርዕሱ ‘ለቃለ መጠይቅ ጥሪ፦ ማክሰኞ’ ይላል። ማክሰኞ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ደስታ አንድም ቀን ‘ደብዳቤ መጥቶልኛል ወይ’ ብሎ አልጠየቀኝም። የሚጠይቅ ዓይነት ሰው አይደለም።

በመጀመሪያ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። «ጠዋት የመስመር ችግር ነው ያልኩዎት ውሸት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸውና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ያልጻፍኩትንም ጭምር። ብዙ አልተቆጡም። «ይህንንም ጻፊው» አሉኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ።

ከዚያ ደስታን ላብራቶሪው ውስጥ አገኘሁት። ብርጭቆዎች እያጠበ ነበር። ነገርኩት። እጁን አደራርቆ ስልኩን ከፈተና ደብዳቤውን አነበበ። ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰለኝ።

«አዲስ አበባ ነበር» አለ። «እናቴ እዚያ ነው የምትታከመው። እሷ አጠገብ ልሆን ነበር ያመለከትኩት።»

«ደውዬ ላስረዳቸው። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በማህተም ጽፈን...»

ተደወለም፣ ተጻፈም። ዲኑ ራሳቸው ፈረሙበት። መልሱ ትሕትና ያለው ነበር፤ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል የሚል። ደስታ መልሱን ሲሰማ «አመሰግናለሁ፣ ለፍታችኋል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር ታደለች ሄደች፤ ትምህርቷን እየጨረሰች ነው። ጋሽ ማቴዎስ ወደ ኮሌጁ ይመለሱ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ «ሱቄን ለምጃታለሁ» አሉ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ግን እኔ ዱራሜ እሄዳለሁ። የማላውቀውን በሙሉ በዝርዝር ይዤ እሄዳለሁ፤ ዝርዝሩ ያጥራል ስል ይረዝማል። ባለቤታቸው አሁን ሰላም ይሉኛል። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቅዳሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «የጻፍሽው እውነት ነበር፤ ሶፍትዌሩ አርጅቶ ነበር» አሉኝ፤ «እኔን ጠይቀሽኝ ቢሆን ግን አብረን እንጽፈው ነበር።»

ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ ስለ ኮምፒውተር የተማርኩት ትንሹ ነው። ያን ቀን ጠዋት እኔ ያልሠራሁ ሰነፍ አልነበርኩም። ያለ ዕረፍት ተግቼ ሠርቻለሁ፤ በላብ ተጠምቄያለሁ፤ ግን ስጠግን የዋልኩት ያልተበላሸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው ‘የለም’ ከማለቴ በፊት ‘የት ነው ያየሁት?’ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እናንተ መዝገብ ቤት፣ ፋርማሲ ወይም ቀበሌ መስኮት ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ይህ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው የምንለውን አምኖ ነው የሚሄደው፤ ልጆቹን ሰብስቦ ‘አልሆነም’ የሚላቸው በእኛ ቃል ነው።

የሚጠይቀውስ ይሻላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ የማይጠይቀው ነው።

መምህር ደስታ አሁንም ከእኛ ጋር ነው። ሌላ ቦታ ማመልከቱን ሰምቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ እሱ ሳይመጣ፣ እኔ እነሳና ላብራቶሪ ድረስ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ፣ «ከውጭ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱንም ወረፋ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት የመጣልህ የለም» እለዋለሁ።

«እሺ» ይለኛል። እጁን ከውኃው አውጥቶ ሰላም ይለኝና ወደ ብርጭቆዎቹ ይመለሳል።